«ታሪክ ለፈተና አይመጣም» ለተባልንበት ሥልጠና፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለማሠልጠኛ ተቋሙ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከሥልጠናው የተሰረዘውን የአውሮፓ የኢንቨስትመንት ባንኮች ታሪክ ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከተለያዩ ባንኮች ተውጣጥተን ያለፈውን ዙር ሥልጠና የተከታተልን የብድር ተንታኞች ነን። አብዛኞቻችን ከአሥር ዓመት በላይ የብድር ማመልከቻ ስናገላብጥ፣ የመያዣ ግምት ስናጣራ ኖረናል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ እንዲቋቋም ከወሰነች በኋላ መሥሪያ ቤቶቻችን ለኢንቨስትመንት ባንክ (ኩባንያዎች አክሲዮንና ቦንድ ሸጠው ካፒታል እንዲያገኙ ለሚያግዝ ባንክ) ሥራ እንድትበቁ ብለው ወደ እናንተ ላኩን። (ከአዋጁ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስንመዘገብ በተሰጠን መርሐ ግብር ላይ ሁለት ሙሉ ቀናት ለአውሮፓ የኢንቨስትመንት ባንኮችና ለኢንዱስትሪ ዕድገት ታሪክ ተመድበው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈች ግማሽ ወረቀት ጠበቀችን፤ ክፍሉ ተሰርዞ በምትኩ ተጨማሪ የኮምፒውተር ልምምድ መግባቱን ትናገራለች። ምክንያት አልተጻፈባትም። በሻይ ሰዓት አንዲት ባልደረባችን አስተባባሪውን ጠይቃ ያገኘችው መልስ «ታሪክ ለፈተና አይመጣም» የሚል ነው።

መጣ እንጂ። በማጠቃለያው ፈተና ተራ ቁጥር 17 ላይ «የእንግሊዝን የኢንዱስትሪ አብዮት በገንዘብ የደገፈው ማን ነው?» ተባልን። ከመካከላችን አምስቱ «የባለቤቶቹ ትርፍና የሸሪኮቻቸው ገንዘብ» የሚለውን አክብበው ተሳስታችኋል ተባሉ። ትክክል ሆኖ የተያዘው «ኢንቨስትመንት ባንኮች» የሚለው ነው። በአንድ ነጥብ የወደቀ ሰው የለም፤ ለነጥቡ ብለንም አልተነሣንም። የከነከነን መልሱ የተቀዳበት ምንጭ ነው። ሁለት ቀን ሊሰጥበት የነበረው ታሪክ በመጽሐፋችሁ ገጽ 14 እና 15 ላይ ወደ አንድ ገጽ ተኩል ተጨምቋል፤ ያም አንድ ገጽ ተኩል ስሕተት የበዛበት ነው።

ቅሬታችንን ከእንግሊዝ እንጀምር፤ ገጹ የሚጀምረውም ከእዚያ ስለሆነ። የለንደን ኢንቨስትመንት ባንኮች ለፋብሪካዎች ካፒታል አቅርበው አብዮቱን እንደ ወለዱት ተጽፏል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ሪቻርድ አርክራይት የሚባለው ፀጉር አስተካካይና ዊግ ሠሪ በ1771 ክሮምፎርድ ላይ በውኃ ኃይል የሚሠራውን የጥጥ መፍተያ ሲያቆም ገንዘቡን ያገኘው ከሁለት የካልሲ ነጋዴዎች፣ ከጄደዲያ ስትራትና ከሳሙኤል ኒድ ነው። ሁለቱም ክር ፈላጊዎች ነበሩ፤ ስለ ክር የሚያውቅ ሰው ክር ለሚሠራ ሰው ገንዘቡን ሰጠ።

የጄምስ ዋት ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ለብድር ተንታኞች እንደ ተረት የሚጣፍጥ ነው። የመጀመሪያ ሸሪኩ ጆን ሮበክ በ1773 ከሰረ። ከሮበክ ዕዳ ጠያቂዎች አንዱ የበርሚንግሃሙ የብረታ ብረት ባለፋብሪካ ማቲው ቦልተን ነበር። ሌሎቹ ዕዳ ጠያቂዎች እንደ እርባና ቢስ የቆጠሩትን የእንፋሎት ሞተሩን የፈጠራ መብት ድርሻ ቦልተን በዕዳው ፈንታ ወሰደ። ፓርላማው መብቱን በ1775 እስከ 1800 አራዘመላቸውና ሽርክናው ተጀመረ። ክፍያቸውን ተመልከቱልን፦ ለማዕድን አውጪዎች ሞተሩን ተክለው፣ ከቀድሞው የኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚተርፈው የከሰል ወጪ አንድ ሦስተኛውን በየዓመቱ ይቀበሉ ነበር። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጠረጴዛችን ላይ ቢቀርብ ምን ብለን እንደምንጽፍበት እናውቃለን፦ «መያዣው ለሐራጅ ሽያጭ የማያመች፣ ገቢው በግምት ላይ የተመሠረተ፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።» ፊርማና ማኅተም።

ይህ ሲባል ባንክ አልነበረም ማለት አይደለም። በየአውራጃው በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ባንኮች ነበሩ። ትንሽ ሆነው የቀሩትም በሕግ ነው፤ ከእንግሊዝ ባንክ በቀር ማንኛውም ባንክ ከስድስት በላይ ሸሪኮች እንዳይኖሩት የሚከለክለው ደንብ የላላው በ1826 ነው። ከ1720 ጀምሮ የአክሲዮን ኩባንያ መመሥረትን ያጠበበው ሕግም የተሻረው በ1825 ነው። እነዚህ ባንኮች ዋና ሥራቸው የሐዋላ ወረቀት (ገዢው በቀጠሮው ቀን ሊከፍል የተስማማበትን ሰነድ) መግዛት ነበር። ፋብሪካው ጨርቁን በሦስት ወር ዱቤ ይሸጣል፤ ባንኩ ወረቀቱን ትንሽ ቀንሶ በጥሬ ገንዘብ ይገዛዋል፤ ባለፋብሪካው ለጥጥና ለደመወዝ ሳይጨነቅ የራሱን ትርፍ ማሽን ላይ ያውላል። ድርሻቸው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ማሽን የገዙት እነሱ አይደሉም፤ ማሽን ለሚገዛው ሰው እጁን ነጻ አደረጉለት። ማሽኑም በዚያ ዘመን ርካሽ ነበር፤ አንድ ፎቅ ተከራይቶ በጥቂት መፍተያ መጀመር ይቻላል። የለንደኖቹ ታላላቅ ስሞች፣ ባሪንግና ሮትሽልድ፣ ያን ጊዜ የሚያበድሩት ለነገሥታት ነው። ናታን ሮትሽልድ በ1818 ለፕሩሲያ መንግሥት 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያሰባስብ ማንቸስተር ያለው ፈታይ ከአጎቱ ይበደር ነበር።

አምስቱ ባልደረቦቻችን ያከበቡት ይህን ነው።

ገንዘቡ የበዛው ባቡር ሲመጣ ነው። እሱም በእንግሊዝ በአብዛኛው የተሸፈነው በባንክ ሳይሆን አክሲዮን በገዙ የአካባቢ ነጋዴዎች ነው፤ በ1846 ብቻ ፓርላማው ከ250 በላይ የባቡር ሕጎችን አጽድቋል፤ ከእነዚያ መስመሮች ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀርተዋል። ከገጽ 14 ከጎደሉት ሁሉ ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካን ኦቨረንድ ገርኒ የተባለው የለንደን የገንዘብ ቤት ነው። ይህ ቤት የሐዋላ ወረቀት በመግዛት በለንደን ከሁሉ የላቀ ነበር። ገንዘቡ በአጭር ጥሪ የሚመለስ የሰው ገንዘብ ነው። በ1850ዎቹና 60ዎቹ ግን ወደ ባቡርና መርከብ ገባ፤ እነሱ ደግሞ በአጭር ጥሪ አይመለሱም። በግንቦት 1866 ወደ 11 ሚሊዮን ፓውንድ ዕዳ ይዞ በሩን ዘጋ፤ በማግሥቱ የለንደን የባንክ ሠፈር በሰው ተጥለቀለቀ።

ሁለተኛው ቅሬታችን ፈረንሳይን ይመለከታል። መጽሐፉ «ክሬዲ ሞቢሊዬ በ1852 ተቋቁሞ የአውሮፓን የባቡር መስመሮች ገነባ» ይልና አራት ነጥብ ያስቀምጣል። አራት ነጥቡ ነው ችግሩ። የአንድን ሰው ታሪክ ሠርጉ ላይ እንደ መጨረስ ነው።

ወንድማማቾቹ ኤሚልና ኢሳክ ፔሬር የቦርዶ አይሁድ ነበሩ። ባንክ የተበተነውን ቁጠባ ሰብስቦ ወደ ሥራ የሚያፈስ ቦይ ነው ብለው የሚያምኑ፣ የፈረንሳዊው አሳቢ የሴን ሲሞን ደቀ መዛሙርት ናቸው። ከፓሪስ ወደ ሴን ዠርማን የተዘረጋውን የመጀመሪያ መስመር በ1837 ያስከፈቱት በጄምስ ሮትሽልድ ድጋፍ ነው፤ ኋላ ግን ባላንጣው ሆኑ። በናፖሊዮን ሦስተኛ ፈቃድ በ60 ሚሊዮን ፍራንክ ካፒታል የተቋቋመው ባንካቸው ክሬዲ ሞቢሊዬ በኦስትሪያ፣ በስፔንና በሩሲያ ባቡር ዘረጋ፤ የአትላንቲክ መርከብ ኩባንያ፣ የፓሪስ ጋዝ፣ ታላቁ የሉቭር ሆቴል ሁሉ የእጁ ሥራ ናቸው። ሐሳባቸው የረጅም ጊዜ ቦንድ ሸጠው፣ በዚያ ገንዘብ አክሲዮን ሊገዙ ነበር። መንግሥት ቦንዱን በሰፊው እንዲያወጡ አልፈቀደላቸውም። ስለዚህ በተቀማጭ ሒሳብና አክሲዮን ነግዶ በሚገኝ ትርፍ ላይ ተንጠለጠሉ። ገበያው ሲወጣ ባንኩ ይወጣል። ማርሴይ ላይ በመሬትና በሕንጻ የተሠማራው እኅት ኩባንያቸው ቤቶቹን የሚገዛ አጥቶ ሲታነቅ ባንኩም አብሮት ታነቀ። በ1867 የፈረንሳይ ባንክ ሊረዳቸው የተስማማው ወንድማማቾቹ ከኃላፊነት እንዲለቁ በማስገደድ ነው።

ባንኩ ወደቀ፤ ሐሳቡ ግን አልወደቀም። ይህን ካልተማርን የጀርመንን ነገር ምኑን እንረዳለን? (ቤልጅጎች ከፔሬሮቹ መቅደማቸውም በመጽሐፉ የለም፦ በ1822 የተቋቋመው የብራስልሱ ሶሲዬቴ ዠኔራል ከ1835 ጀምሮ የከሰልና የብረት ኩባንያዎችን እያቋቋመ አክሲዮናቸውን ይይዝ ነበር።) ቪየና ውስጥ ሮትሽልዶች የፔሬሮቹን መምጣት ለመመከት በ1855 ክሬዲታንሽታልት የተባለውን ባንክ ከፈቱ። ጀርመኖች በ1853 በዳርምሽታት ባንክ የጀመሩት የክሬዲ ሞቢሊዬን አርአያ ተከትለው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን በጀርመን ላይ የተጻፈችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «የጀርመን ባንኮች ለኢንዱስትሪ ብድር ሰጥተዋል።» እኛም እንሰጣለን። ጥያቄው እንዴት ሰጡ ነው።

ባንኩ ለኩባንያው የሚከፍትለት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነበር፤ ገቢም ወጪም በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ባንኩ የኩባንያውን ትንፋሽ በየቀኑ ያዳምጣል፤ በየዓመቱ ከሚቀርብ የሒሳብ መግለጫ በላይ ያውቃል። በዚያው ሒሳብ ላይ እንደ ኦቨርድራፍት (ከተቀማጩ በላይ ወጪ የማድረግ ፈቃድ) የሚሰጠው ብድር በወረቀት የአጭር ጊዜ ነው፤ እየታደሰ ዓመታት ይቆያል። ኩባንያው እግሩ ሲጠና ባንኩ ዕዳውን ወደ አክሲዮን ይለውጥና አክሲዮኑን ለራሱ ደንበኞችና በገበያው ይሸጠዋል፤ የቆየ ገንዘቡ ተመልሶ ለሌላ ይውላል። ከ1870 ጀምሮ ሕግ የአክሲዮን ኩባንያ ሁሉ የተቆጣጣሪ ቦርድ እንዲኖረው ሲያስገድድ የባንክ ሰዎች እዚያ ወንበር ያዙ። ደንበኞች በአደራ ባስቀመጡት አክሲዮን ድምፅ የሚሰጠውም ባንኩ ነው። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ የተቋቋመው ዶቼ ባንክ መጀመሪያ የታሰበው የጀርመን ነጋዴ ለውጭ ንግዱ ለንደን ደጅ እንዳይጠና ነበር፤ በጌኦርግ ሲመንስ መሪነት ውሎ አድሮ የኤሌክትሪክና የብረት አበዳሪ ሆነ። የማነስማን ወንድማማቾች ያለ ብየዳ ስፌት ቧንቧ የሚሠሩበትን ዘዴ ይዘው በ1890 ኩባንያ ሲመሠርቱ ባንኩ አብሮ ገባ። ዘዴው በፋብሪካ ደረጃ አስቸገረ፤ ወንድማማቾቹ በ1893 ከአመራሩ ወጡ፤ ባንኩ ግን አልሸሸም።

ሙገሳ ብቻ እንዳይመስልባችሁ፤ ጉድለቱም ይነገር። በ1873 የቪየና ገበያ ሲወድቅ ጀርመን ውስጥ በጥድፊያ ከተከፈቱት ባንኮች ብዙዎቹ ረግፈዋል። ትልልቆቹም የሚያዩት ከሰል፣ ብረትና ኤሌክትሪክ ነው፤ አናጢውና ልብስ ሰፊው በራቸውን አያንኳኳም ነበር። ለእነሱ የደረሱላቸው ዳኛው ሹልትሰ ዴሊች በ1850 የጀመሩት የብድር ማኅበርና ከንቲባው ራይፋይዘን ለገበሬው ያደራጁት ማኅበር ናቸው። ዕቁብ ሲጣል እያየ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንም፤ ይሁንና በሥልጠናው ላይ ስሙም አልተነሣ።

አራተኛው ቅሬታችን በመጽሐፉ ፈጽሞ ስለሌለው ነው። ታሪኩ ከ1900 በኋላ የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1931 ያ ክሬዲታንሽታልት 140 ሚሊዮን ሺሊንግ መክሰሩን አሳወቀ። የኦስትሪያን ኢንዱስትሪ ሰፊ ክፍል በእጁ የያዘ ባንክ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የሚንገዳገድ ሌላ ባንክ በመንግሥት ግፊት እንዲውጥ ተደርጓል። በሐምሌ 13 የጀርመኑ ዳናት ባንክ ኖርድቮለ የተባለውን የሱፍ ኩባንያ ውድቀት ተከትሎ ተዘጋ። ጣልያን ውስጥ በጀርመን አርአያ በ1894 የተቋቋመው የሚላኑ ባንካ ኮመርቻለ የኩባንያዎችን አክሲዮን ታቅፎ፣ የራሱንም አክሲዮን መልሶ ገዝቶ ነበር፤ ማን የማን ባለቤት እንደሆነ ለመለየት እስኪያስቸግር። በ1933 መንግሥት ኢሪ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ አክሲዮኖቹን ጠቅልሎ ወሰደ፤ በ1936 የወጣው ሕግም የአጭር ጊዜ ተቀማጭ የሚሰበስብን ባንክ ከረጅም ጊዜ አበዳሪ ለየ። ነገ የደንበኛችንን አክሲዮን ይዘን በዚያው ባንክ ውስጥ ተቀማጭ የምንሰበስብ ሰዎች ይህን ከየት እንስማው?

«የሩቅ አገር ወሬ ምን ያደርግልናል» የሚል ሰው በስብሰባችሁ ላይ ይኖር ይሆናል። ከኛው ደጅ አንድ እናንሣ። አፄ ምኒልክ ለባቡሩ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ያ ሁሉ ዓመት ድሬዳዋ ላይ የተገተረው የኩባንያው ገንዘብ አልቆ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ሽኩቻም ተደርቦበት ነው፤ በ1908 አዲስ ኩባንያ ካልተተካ በቀር ሥራው አልቀጠለም። በ1906 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው አቢሲኒያ ባንክም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረ ነበር። የፔሬሮቹን ዘመን ያላወቀ ሰው የድሬዳዋን ጣቢያ አይቶ የሚያነበው ግማሹን ነው።

ሌላው ደግሞ የዕለት ሥራችን ነው። ከእኛ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኪራይ ቤት የጫማ ሶል የምታመርት ሴት ጉዳይ ቀረበለት። ማሽኑ ዋጋውን ለመመለስ ቢያንስ አምስት ዓመት ይፈልጋል። የተፈቀደላት የአንድ ዓመት ብድር ነው፤ እሱም በወንድሟ ቤት ካርታ። በአሥራ አራተኛው ወር ካርታው ለሐራጅ ማስታወቂያ ወጣ። ባልደረባችን ያን ፋይል ይዞት ሥልጠናው ላይ መጥቶ ነበር፤ በታሪኩ ክፍል ሊጠይቅበት። ልብ በሉ፤ የእሷ ጥፋት ወይም የእሱ ጥፋት ምን እንደነበር ሊያጣራ አልነበረም። የአንድ ዓመት ገንዘብ ላምስት ዓመት ማሽን ሲሰጥ ሌሎች አገሮች መካከሉን በምን እንደሞሉት ሊጠይቅ ነበር። የጥያቄው ቀን ተሰረዘ፤ ፋይሉ በቦርሳው እንዳለ ተመለሰ።

ስለሆነም የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የተሰረዘው የሁለት ቀን ክፍል ለሚቀጥለው ዙር ይመለስ። ለእኛም አልፏል ተብሎ አይተው፤ በሁለት ቅዳሜዎች ቢሰጠን በራሳችን ወጪ እንመጣለን።

የመጽሐፉ ገጽ 14 እና 15 የኢኮኖሚ ታሪክ በሚያውቁ ሰዎች ተጽፎ ይታረም፤ የታረመውም እስካሁን ለሠለጠኑት ሁሉ ይላክ። ቢያንስ እንግሊዝ በባንክ አለመጀመሯ፣ የክሬዲ ሞቢሊዬ መጨረሻ፣ የጀርመን ባንኮች አሠራር፣ 1931 እና 1933 ይግቡበት።

የተራ ቁጥር 17 መልስ ይስተካከልና የአምስቱ ባልደረቦቻችን ውጤት በጽሑፍ ይታረም።

ከእንግዲህ በመርሐ ግብር ላይ ለውጥ ሲደረግ ምክንያቱና የወሰነው አካል ተጠቅሶ አስቀድሞ ይነገረን፤ በር ላይ በተለጠፈ ግማሽ ወረቀት ሳይሆን።

መልሳችሁን በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ባለፈው ዙር የሠለጠኑ የብድር ተንታኞች፣
በተወካያቸው በኩል

ግልባጭ፦
— ለላኩን ባንኮች የሰው ኃይል ልማት ክፍሎች
— ለሚቀጥለው ዙር ተመዝጋቢዎች